ፀዳሉ አልተገኘም

አንድ ሰው ነበረ። ስሙን አልነግራችሁም፤ እንዳልነግራችሁ ለምኖኛል። ከአዲስ አበባ ራቅ ባለች ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ ይሠራል። ሐኪም አይደለም፤ ነርስም አይደለም። የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች የሚጠብቅ ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ሠራተኛ ዕጣው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሁሉ ነገር ሲሠራ ስሙን የሚያስታውሰው የለም። የሚታወሰው «ሲስተም የለም» የተባለ ቀን ነው።

ሳቃችሁ። ለመሆኑ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ማን አለ እዚህ ጉባኤ ውስጥ? ሰልፍ ይዘን፣ ተራችን ደርሶ፣ መስኮቱ ጋ ስንቆም፣ ከወዲያ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል «ሲስተም የለም» ትላለች። እኛም ወረቀታችንን አጣጥፈን ቁጭ እንላለን። የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይመለሳል ብለን እንጠብቃለን፤ ጉዳይ ያለው ሰው ምን ምርጫ አለው።

በሆስፒታል ግን፣ ወገኖቼ፣ ሲስተም የለም ሲባል ቁጭ ብሎ መጠበቅ የማይችል ሰው አለ። ዛሬ የምነግራችሁ እንዲህ ስላለ ሰው ነው።

ረፋድ ላይ ነው። የሰውየው ስልክ ጮኸ። ፋርማሲ ነው። «ወንድሜ፣ ኮምፒውተሩ ደርቋል፤ አንድ መድኃኒት ለማውጣት ዓመት ፈጀብን፤ ሰልፉ ከበር ወጥቷል።» ይህን ሳይጨርሱ ላብራቶሪ ደወለ። ላብራቶሪን ሳይመልስ አንዷ ነርስ በሩን በርግዳ ገባች። የሁሉም ቃል አንድ ነው፤ ሲስተም የለም።

ተነሥቶ ወደ ዋናው ማሽን ክፍል ሮጠ። ዋናው ማሽን የሌሎቹ ሁሉ አባት ነው፤ ሰርቨር ይሉታል። የበሽተኛው ስም ሁሉ፣ ምርመራው ሁሉ በእሱ ያልፋል። በሩን ሲከፍት ሙቀቱ ፊቱን ገረፈው። የማሽኑ ፋን እንደ እህል ወፍጮ ይጮሃል።

እዚህ ላይ ለማያውቀው ሰው ትንሽ ላስረዳ። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ ይሠራል። አንዱ ያትማል፣ አንዱ ይልካል፣ አንዱ ይፈልጋል። ሁሉም የሚበሉት ከአንድ ገበታ ነው። ማን ምን ያህል እንደሚጎርስ የሚያሳይ ገጽ አለ። ሰውየው ያን ገጽ ከፈተና ደነገጠ። አንድ ሥራ ገበታውን ለብቻው ታቅፎታል። ለሌሎቹ ፍርፋሪ ነው የቀረው።

ምን አደረገ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ገደለው። እኔ ቃል አላጋነንኩም፤ በእነሱም ሙያ «መግደል» ነው የሚባለው። አንዴ ጠቅ አደረገና ሥራው ሞተ። ፋኑ ቀስ እያለ ዝም አለ። ፋርማሲዎች ደውለው «ተባረክ፣ መጣልን» አሉት። ሰውየው ግንባሩን ጠረገና ወንበር ሳበ።

ገና ሳይደላደል ፋኑ ተነሣ። ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ እያለ መጣ። ገጹን ተመለከተ። ያው ሥራ ነው። ያው ስም፣ ያው ሆዳምነት።

እንደገና ገደለው። እንደገና ተነሣ። ደግሞ ገደለው። ደግሞ ተነሣ።

በዚህ መሀል የሞባይል ስልኩ ጠራ። የቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ይልቃል ነው። ዶክተር ይልቃል መጮህ የሚወድ ሰው ነው ይባላል፤ ያን ቀን ግን አልጮኸም። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ሰውየውን ያስፈራውም እሱ ነው።

«ስማኝ። እዚህ አንድ ልጅ አለ፣ ጸዳሉ ዋለ የሚባል። ባጃጁ ተገልብጦበት ነው የመጣው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየተጠራቀመ ይመስለኛል። ሲቲ ስካን ተነሥቷል፤ ምስሉ ግን አልሄደልንም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ የጭንቅላት ምስል ማንሻ መሣሪያ አለው፤ የጭንቅላት ስፔሻሊስት ግን የለውም። ስፔሻሊስቱ ያለው ሌላ ከተማ ነው። ምስሉ በዋናው ማሽን በኩል ይላክለታል፤ እሱ አይቶ «እዚህ ጋ ክፈት» ይላል፤ ዶክተር ይልቃል ይከፍታል። ስንት ሰው በዚህ መንገድ ድኗል።

«በስልክ አንሥተን በቴሌግራም ብንልክለትስ?» አለ ሰውየው።

«ልከናል። ያየው ጥላ ነው። በዚህ ተመርቼ የሰው ራስ ክፈት አልልህም፣ ዋናውን ላክልኝ አለኝ። እውነቱን ነው።»

«ሪፈር ቢጻፍለትስ?»

«መንገድ ላይ ይሞትብናል።»

«ምን ያህል ጊዜ አለን ዶክተር?»

«አላውቅም» አለ ዶክተር ይልቃል። «የአንዱ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ይልቅ መስፋት ጀምሯል። ቶሎ በል ወንድሜ።»

ስልኩ ተዘጋ።

አሁን በሰውየው ቦታ ቁሙ። እጃችሁ ላይ አንድ ማሽን አለ። ማሽኑ ያብዳል። ከግድግዳው ወዲያ የአንድ ወጣት ነፍስ እየወጣች ነው። ሐኪሙ ዝግጁ ነው፣ ቢላዋው ዝግጁ ነው፣ ሁሉም የሚጠብቀው እናንተን ነው።

በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። መካሪ ደግሞ በእንዲህ ያለ ቀን አይጠፋም። አንዱ «ቫይረስ ነው» አለ። ሌላው «አዎ፣ ቫይረስ ገብቶበት ነው፤ የእኔም ላፕቶፕ እንዲህ አድርጎት ነበር» አለ። ሰውየውም ቫይረስ ነው ብሎ አመነ። ፈለገ፣ አጣ። ጊዜ አለፈ። በመጨረሻ ማሽኑን ጠቅላላ አጥፍቶ ሊያስነሣው ወሰነ። ሲያጠፋው ሆስፒታሉ በሙሉ ጮኸ፤ ፋርማሲው የጀመረው ጠፋበት፣ ላብራቶሪው ያስገባው ጠፋበት። እሱ ጆሮውን ደፍኖ ጠበቀ። ማሽኑ ተነሣ። ጸጥ አለ። ሰውየው «እፎይ፣ አምላኬ» አለ።

ፋኑም «አለሁ» ብሎ ተነሣ።

ሰውየው ያኔ ምን እንደተሰማው ነግሮኛል። «ደረቴ ውስጥ ሌላ ፋን የተከፈተ መሰለኝ» ነው ያለኝ። አስቡት፤ ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ምን ሊላቸው ነው? «ዛሬ አንድ ልጅ በእኔ እጅ ሞተ» ሊላቸው ነው?

ከክፍሉ ወጣ። ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም፤ ወደ ምስል ክፍሉ ነው፣ ወደ ኃላፊው ነው፣ ብቻ በኮሪደሩ ይሮጣል። በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ብርነሽ ይባላሉ፤ የጸዳሉ እናት ናቸው። ባጅ አንጠልጥሎ የሚሮጥ ሰው ሲያዩ ብድግ ብለው እጅጌውን ያዙት።

«ዶክተር፣ ልጄን አዩት?»

«ዶክተር አይደለሁም እማማ።»

እናትየው እጅጌውን አልለቀቁም። ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ታዲያ ምን ፍለጋ ነው እንዲህ የምትሮጠው፣ ልጄ?»

እውነት ለመናገር ምን ፍለጋ እንደሚሮጥ አያውቅም ነበር። ቆመ። ከዚያ ያ ጥያቄ ከእናትየው አፍ ወጥቶ ወደ ማሽኑ ዞረበት። ያ ሥራ፣ ያ ሲገድለው የሚነሣው፣ እሱስ ምን ፍለጋ ነው የሚሮጠው? ረፋዱን ሙሉ ሲገድለው አንድ ጊዜ እንኳ ይህን አልጠየቀውም።

ተመልሶ ሄደ። ፋኑ ይጮሃል። እጁ እንደለመደው ወደ መግደያው ሄደ፤ መለሰው። በዚያ ፈንታ ሥራው ምን እየሠራ እንደሆነ ስክሪኑ ላይ እንዲያሳየው አዘዘ። አንድ መስመር ወጣ። ሌላ ወጣ። ስክሪኑ ሞልቶ ወደ ላይ መፍሰስ ጀመረ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።

«ፀዳሉ ዋለ። አልተገኘም። እንደገና ፈልግ።»

«ፀዳሉ ዋለ። አልተገኘም። እንደገና ፈልግ።»

«ፀዳሉ ዋለ። አልተገኘም። እንደገና ፈልግ።»

ሰውየው ደግሞ አነበበው። ይህ ቫይረስ አይደለም። ይህ የገዛ ሠራተኛው ነው! ምስል ሲመጣ የበሽተኛውን ስም መዝገቡ ውስጥ ፈልጎ የሚያገናኝ ሥራ ነው። ከወራት በፊት ይህ ሥራ አንድን በሽተኛ አጥቶ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበርና፣ ሰውየው ተቆጥቶ ትእዛዝ ጻፈለት፤ እስክታገኝ አትቁም፣ ብትሞትም ተነሥና ፈልግ። ሥራውም ታዘዘ። ሲገድሉት የሚነሣው ጌታው ተነሥ ስላለው ነው። እኔ ይህን ሲነግረኝ አንጀቴን ነው የበላው፤ ረፋዱን ሙሉ የተገደለው ጸዳሉን ሲፈልግ ነው።

ግን ለምን አጣው? ጸዳሉ እኮ እዚያ ተኝቷል! ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው አይቶታል! ሰውየው በአንድ ጆሮው የካርድ ክፍሏን ትርንጎን፣ በሌላ ጆሮው የምስል ክፍሉን አበጀን ያዘ። ልጁ በድንገተኛ ስለገባ ካርዱ እስኪደርስ አልተጠበቀም፤ ትርንጎም በበኩሏ፣ አበጀም በበኩሉ በስሙ ብቻ መዝግበውታል።

«ትርንጎ፣ የባጃጁን ልጅ መዝግበሻል?»

«አዎ፣ ጠዋት። ስሙን እናቱ ናቸው የነገሩኝ።»

«ማን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«ጸዳሉ ብዬ ነዋ!»

«አበጀ፣ አንተስ ማን ብለህ ጻፍክ?»

«ፀዳሉ ብዬ ነዋ! ሌላ ማን ልበለው?»

«እሷም ጸዳሉ ነው ያለችኝ» አለው ሰውየው ለአበጀ።

«እኔም ፀዳሉ ነው ያልኩት!»

«ታዲያ ምን ያጣላናል?» አለች ትርንጎ፣ የአበጀን ጩኸት በስልኩ እየሰማች።

አትሳቁ። ልጁ እኮ እየሞተ ነው። ሦስት ሰው አንድ ስም እየተጠራራ ይከራከራል፤ ሦስቱም ልክ ናቸው፤ ልጁ ግን አልተገኘም። ቢጮኹም፣ ቢደጋግሙም፣ ጆሮ የሚለየው ነገር የለም።

ሰውየው ሁለቱን ስልኮች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። የትርንጎን ጽሕፈትና የአበጀን ጽሕፈት አንዱን ከአንዱ በታች አደረጋቸው። እንደ ቄስ ተማሪ ጣቱን ፊደሉ ላይ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። የመጀመሪያው ፊደል ላይ ጣቱ ቆመ።

ትርንጎ የጻፈችው በጸሎቱ ጸ ነው። አበጀ የጻፈው በፀሐዩ ፀ ነው።

ወገኖቼ፣ እኛ እነዚህን ሁለት ፊደሎች እያቀያየርን ስንጽፍ ኖረናል። አንዱ የሠርግ ጥሪ ላይ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላው የሱቅ በር ላይ በፀሐዩ ፀ ይጽፋል። የቀለም ሰው ካልሆነ በቀር የሚቆጣን የለም። ስናነበው አንድ ነው። ማሽን ግን ዓይን እንጂ ጆሮ የለውም። ለእሱ ጸዳሉና ፀዳሉ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ጸዳሉ ፊቱ ተኝቶ፣ እሱ ፀዳሉን ፍለጋ ሀገር ምድሩን ያስሳል።

«አበጀ፣ ምስሉን ስንት ጊዜ ነው የላክኸው?» አለ ሰውየው።

«ምኑን ቆጥሬው! እምቢ ሲለኝ መላልሼ ተጫንኩት እንጂ!»

አበጀ በተጫነ ቁጥር በዚያው ሥራ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ፈላጊ ተወልዷል። አንዱ አላገኘውም፤ ሌላው ተጨመረ፤ ሁለቱም አላገኙትም። ገበታውን የጨረሱት እነዚህ ናቸው።

ሰውየው የአበጀን ፀ አጥፍቶ ጸ ጻፈ። አንድ ፊደል ነው የቀየረው። ስክሪኑ ላይ የሚፈሰው መስመር ቀጥ አለ።

«ጸዳሉ ዋለ። ተገኝቷል።»

ፈላጊዎቹ አንድ በአንድ ሥራቸውን ጨርሰው ወጡ። ማንም አልገደላቸውም። የፈለጉትን አገኙ፣ ሄዱ። ፋኑም ሳይታዘዝ ዝም አለ። ምስሉ ሄደ። ስፔሻሊስቱ አየው፣ ለዶክተር ይልቃል ደወለለት፣ የት ጋ እንደሚከፍት ነገረው፤ የቀዶ ክፍሉ በር ተዘጋ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሰውየው ቢሮው መግባት አቃተው። ከኮሪደሩ ጫፍ ቆሞ እናትየውን ያያል። ምስሉ ዘግይቶ ቢሆንስ? ያ የገደለበት ጊዜ፣ ያ ቫይረስ የፈለገበት ጊዜ፣ ልጁን የሚበላው ያ ጊዜ ቢሆንስ? ይህን ያውቃል፤ እናትየው ግን አያውቁም። ቀና ብለው ባዩት ቁጥር እሱ ወደ መሬት ያያል።

በሩ ተከፈተ። አንዲት ነርስ አንገቷን አወጣችና «የጸዳሉ ቤተሰብ!» አለች።

ወይዘሮ ብርነሽ ተነሡ። ነጠላቸው ወደቀ፤ አላነሡትም። በየትኛው ጸ ነው ብለው አልጠየቁም። የልጃቸው ስም ተጠርቷል፤ ሄዱ።

«ወጥቷል» አለች ነርሷ። «ይተነፍሳል። ገና ነው፣ ግን ደህና ነው እናቴ።»

ጸዳሉ ዛሬ በሕይወት አለ። ግራ እጁ ትንሽ ይሰንፍበታል አሉ፤ ባጃጁንም ትቷል። ግን አለ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ቆይ፣ አሜን ለማለት አትቸኩሉ። የጸዳሉ ነገር አልቋል፤ የእናንተ ነው ገና የሚጀመረው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ከእናንተ ውስጥ ፋኑ የማይዘጋለት ማን ነው? እጃችሁን አታውጡ፤ እኔ አይደለሁም የምጠይቃችሁ፣ ደረታችሁ ነው። ሥራ ላይ ተቀምጣችሁ ይጮሃል። ልጃችሁ ሲያወራችሁ ይጮሃል፤ አፏን ታያላችሁ እንጂ ቃሏን አትሰሙም። ጸሎት ላይ እንኳ ተንበርክካችሁ ይጮሃል። ጉልበታችሁን ሁሉ አንድ ነገር በልቶት ለባላችሁ፣ ለሚስታችሁ፣ ለጎረቤታችሁ የሚቀረው ፍርፋሪ ነው። «ምን ሆነሃል?» ሲሏችሁ «ምንም፣ ደክሞኝ ነው» ትላላችሁ። ይህ የማን ቤት ነው? የእኔ ነው ያልከው አንተ ነህ?

ምን እያደረጋችሁት ነው ታዲያ? ትገድሉታላችሁ። አንዱ በስልኩ ይገድለዋል፤ ጣቱ እስኪደነዝዝ ወደ ላይ ይገፋል። አንዱ በሥራ ይገድለዋል። አንዱ በሳቅና በጨዋታ ይገድለዋል፤ ቤት ሙሉ ሰው ያስቃል፣ ብቻውን ሲሆን ግድግዳ ያያል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ፣ አትቆጡኝ፣ በመዝሙር ትገድሉታላችሁ። ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ትዘምራላችሁ፤ ስትዘምሩ ዝም ይላል፤ በሩን ስትወጡ ይነሣል።

ሲነሣባችሁስ ምን ትላላችሁ? ቫይረስ ነው! በእኛ ቋንቋ፣ ሰይጣን ነው። እኛ ሰዎች ለሰይጣን ያላሸከምነው ነገር የለም። ሰይጣን የለም አላልኩም፤ አለ። ግን በጭንቀታችሁ ላይ «ውጣ!» ብላችሁ ከመጮኻችሁ በፊት አንድ ጊዜ «ምን ፍለጋ ነው?» ብላችሁታል? እዚህ ላይ ግን በደንብ ስሙኝ፤ ሐኪም የሚያስፈልገው ጭንቀት አለ፤ እንቅልፍና ምግብ የከለከላችሁ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ኃጢአት አይደለም። ሌላው ግን፣ ብዙው፣ ፈላጊ ነው። አንድ ነገር አጥቶ ነው። እናንተው «እስክታገኝ አትቁም» ብላችሁት ነው።

አንድ አባት አውቃለሁ። ከልጁ ጋር ተጣላ። ጥፋቱ የልጁ ነበር፣ አልዋሽም። አባትየው «ይቅርታ እስኪለኝ ድረስ» አለ። ልጁ ይቅርታ አላለም። ክረምት ሲገባ መጥቶ፣ ከጎረቤት መሰላል ተውሶ፣ ጣራው ላይ ወጣና የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ቀየረው። እጁን ቆርቆሮ ቆረጠው። ወርዶ «ደህና ዋል አባዬ» ብሎ ሄደ። አባትየው ወደ እኔ መጥቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ምን አለበት አንዲት ቃል ቢናገር!» አለኝ። ዝናቡ ጣራው ላይ ሲወርድ ይሰማል፣ አንዲት ጠብታ አታርፍበትም፣ እሱ ግን ተገላብጦ ያድራል። ይቅርታ፤ አልተገኘም። እንደገና ፈልግ።

አንተ ሰውዬ! ተገኝቷል እኮ! ጣራህ ላይ ነው ያለው!

ለእግዚአብሔርም እንዲሁ ነን። መልሱን በምን ፊደል እንደሚጽፍ የምናዘው እኛ ነን። «ይህን ስጠኝ» ስንል በዚህ ቀን፣ በዚህ መልክ፣ በዚህ ሰው እጅ ብለን ነው። በሌላ መልክ ሲመጣ ዓይናችን አያውቀውም። አልሰማኝም ብለን እንደ አበጀ መላልሰን እንጫናለን፤ በተጫንን ቁጥር ውስጣችን አንድ ተጨማሪ ፈላጊ ይነሣል። እሱ ዝም ብሎ አይደለም፤ እኛ ነን ጆሮ ትተን ዓይን ብቻ የያዝነው።

ልጨርስ ነው። ግን ዛሬ እዚህ ከቆምኩ ጀምሮ አንድ ነገር አስጨንቆኛል፤ ሳልናገረው ብወርድ ማታ እኔም አልተኛም።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሁለት እህትማማቾች ተቀምጠዋል። ስም አልጠራም። ዞር ዞር አትበሉ፤ ሌላው ሰው ወደ ፊት ይይ። በእናታቸው ለቅሶ ላይ አንዲት ክፉ ቃል ተነገረች፤ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። አንዷ በዚህ በር ትገባለች፣ ሌላዋ በዚያኛው። ሁለቱም በየተራ መጥተው «ጸልይልኝ፣ ውስጤ አላርፍ አለኝ» ብለውኛል። ሁለቱንም «ምን ብታደርግልሽ ያርፍልሻል?» ብዬ ጠይቄያለሁ። ሁለቱም «ቀድማ ሰላም ትበለኝ» ነው ያሉኝ።

እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ዛሬ ጠዋት ታናሺቱ በልማዷ በር አልገባችም። በታላቋ በር ገባች። ታላቋ የተቀመጠችበት አግዳሚ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። መቀነቷን የምታስተካክል መሰለች፤ መቀነቷ ምንም አልሆነም ነበር። ቆመች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ አልፋ ሄዳ ከኋላ ተቀመጠች።

ታላቂቱ፣ አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ ነበር። እኔ ግን አይቻለሁ። ያ መቆም ሰላምታ ነው። አንቺ በምታውቂው ፊደል አልተጻፈም እንጂ ሰላምታ ነው። እህትሽ ጠርታሻለች።

አሁን መዝሙር አይኖርም። ማንም እንዳይነሣ። ሁላችንም ዝም ብለን እንቀመጣለን።

እህቴ፣ ከኋላሽ ናት። ዞር በይ።